ካርዱን ዘጋሁት፣ ክፍያው ግን ቀጠለ

የባንክ ካርዴ ጠፋ። ደወልኩ፣ ዘጉልኝ፣ አዲስ ሰጡኝ። ቁጥሩ ሌላ፣ የሚያበቃበት ቀን ሌላ፣ ከጀርባው ያለው ሦስት አሃዝም ሌላ። መጥፋቱ ብዙም አላናደደኝም። እንዲያውም ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። በአሮጌው ካርድ ላይ የተንጠለጠሉት ሰብስክሪፕሽኖች (በየጊዜው በራሳቸው የሚቆርጡ ክፍያዎች) ሁሉ አብረውት ይቀበራሉ ብዬ ነዋ! አንድ በአንድ እየገባሁ መሰረዝ እየሰለቸኝ ስንት ጊዜ ነገ እያልኩ የተውኩት ሥራ፣ ካርድ ጠፍቶ በነፃ ሊሠራልኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዳሰብኩት ሄደ። "ክፍያዎ አልተሳካም" የሚሉ ኢሜይሎች መጡ። አንዳንዱ ጨዋ ነው፣ አንዳንዱ ያስፈራራል፣ አንዱ ደግሞ እንደተጣላ ፍቅረኛ "ናፍቀውናል" ይላል። ሁሉንም እያየሁ ፈገግ አልኩና ዘጋሁ። ከዚያ የባንክ መግለጫዬን ስከፍት አንድ ክፍያ ቁጭ ብሏል። ከአዲሱ ካርድ ላይ! ያን ቁጥር ለማንም አልሰጠሁም። እኔ ራሴ ገና በቃሌ አልያዝኩትም።

ተሰረቅሁ ብዬ ባንኩ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሁት ነበረች።

"ጌታዬ፣ ይሄ ስርቆት አይደለም። ድርጅቱ በየወሩ እንዲያስከፍልዎት ቀድሞ ፈቅደውለታል" አለችኝ።

"የፈቀድኩት እኮ በአሮጌው ካርድ ነው። እሱ ደግሞ ተዘግቷል።"

"ልክ ነዎት፣ ካርዱ ተዘግቷል። ፈቃዱን ግን አልሰረዙትም።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይቺ ዓረፍተ ነገር አልለቅ አለችኝ። ካርዱ ተዘግቷል፣ ፈቃዱን ግን አልሰረዙትም። ገብቼ ሳነብ ነገሩ ምንም ምስጢር የለውም። ቪዛ "አካውንት አፕዴተር" የሚባል አገልግሎት አለው፤ ማስተርካርድም "አውቶማቲክ ቢሊንግ አፕዴተር" የሚባል። ካርድ ሲቀየር ባንኩ አዲሱን ቁጥር ለካርድ ኔትወርኩ፣ ማለትም ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ያሳውቃል፣ ኔትወርኩ ደግሞ ካርዱን መዝግበው ለያዙት ድርጅቶች ያቀብላል። ሁሉም ባንክና ሁሉም ድርጅት ስለማይጠቀምበት ነው የኔዎቹ ግማሾቹ ወድቀው ግማሾቹ ያለፉት። ሥርዓቱ የተሠራው ለክፋት አይደለም። ካርድህ ስለታደሰ ብቻ ኢንሹራንስህ ወይም ኢንተርኔትህ ቢቋረጥ ራስህ ትጮኻለህ። ግን እኔ እንደ በር የቆጠርኩት ነገር በር እንዳልሆነ ያሳወቀኝ ያን ቀን ነው። መግባቱ አንድ ጊዜ መንካት ነው፤ መውጣቱ ደግሞ ካንተ ውሳኔ በቀር በምንም አይመጣም። በካርድ መጥፋት እንኳን!

ዝንቡ የሚገባው ዝም ሲሉ ነው

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንላለን። በዚህ ዓለም ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዝም ባልክ ቁጥር ይገባል። ዝምታህ ስምምነት ነው፣ ስምምነትህ ደግሞ በየወሩ ይታደሳል።

ይሄ የኔ ስንፍና ብቻ ከመሰለኝ በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት ትንሽ አጽናናኝ፣ ትንሽ ደግሞ አስቆጣኝ። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስቴፋኖ ዴላቪኛ እና ኡልሪከ ማልመንዲየር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2006 የጂም ደንበኞችን መረጃ አጥንተው አሳተሙ። የወር ክፍያ የመረጡት ሰዎች በአማካይ በወር የሚሄዱት 4.3 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። በየሄዱበት ቀን ቢከፍሉ ኖሮ በጣም ያነሰ ያወጡ ነበር። የገረመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ሰው ጂሙን ለመጨረሻ ጊዜ ከረገጠበት ቀን እስኪሰርዝ ድረስ በአማካይ ከ2 ወር በላይ ያልፋል። ማለትም ልቡ ከወጣ በኋላ ኪሱ ለመውጣት ሁለት ወር ይፈጅበታል። ጂም ደግሞ ቢያንስ ቦርሳው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይታዘብሃል። ስልክህ ውስጥ ያለው አፕ ምንም አይልም።

የካርዱን ነገር ደግሞ በቀጥታ የነኩት አሉ። ሊራን አይናቭ፣ ቤንጃሚን ክሎፓክ እና ኒል ማሆኒ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች የካርድ ክፍያዎችን መረጃ ይዘው አንድ ብልህ ጥያቄ ጠየቁ፦ ሰዎች ካርዳቸው በተቀየረበት ወር ምን ያደርጋሉ? መልሱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ወር መሰረዝ በድንገት ይጨምራል። ያ ወር ከሌሎቹ በምን ይለያል? አገልግሎቱ አልከፋ፣ ዋጋው አልጨመረ። የሚለየው "ትቀጥላለህ ወይስ አትቀጥልም?" ብሎ የሚጠይቅ ነገር በመምጣቱ ብቻ ነው። ሲጠየቁ ብዙዎቹ "አይ፣ ይቅርብኝ" አሉ። የቀድሞዎቹን ወራት የከፈሉት ፈልገው ሳይሆን ማንም ስላልጠየቃቸው ነበር ማለት ነው።

እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ የኔን ጥያቄ ግማሹን ኔትወርኩ በኔ ምትክ መለሰልኝ።

ድርጅቶቹ ይሄንን አያውቁም እንዳትሉኝ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን የከሰሰው ሰዎችን ሳያስተውሉ ፕራይም የሚባለው የሚከፈልበት አባልነቱ ውስጥ ያስገባል፣ ለመውጣት ሲሞክሩ ደግሞ ያንከራትታል ብሎ ነው። ክሱ ላይ እንደተጻፈው የመሰረዣው መንገድ በድርጅቱ ውስጥ ይጠራበት የነበረው ስም "ኢሊያድ" ነው። ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት የዘመረው ያ ማለቂያ የሌለው ግጥም! አማዞን ጥፋተኝነቱን ሳያምን በመስከረም 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጉዳዩን ዘጋው። ጀርመን ደግሞ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በኢንተርኔት ውል የሚያስገባ ድርጅት ሁሉ ገጹ ላይ የመሰረዣ ቁልፍ እንዲያስቀምጥ በሕግ አስገድዳለች። አንድ ቁልፍ ለማስቀመጥ ሕግ ካስፈለገ ቁልፉ ስንት እንደሚያወጣ አስቡት።

መልሼ የከፈትኳቸውና ያልከፈትኳቸው

ካርዱ ከጠፋ በኋላ በተኛሁበት ያሰብኩት ሌላም ነገር አለ። ከወደቁት ክፍያዎች ውስጥ የትኞቹን ነው ሮጬ መልሼ የከፈትኩት? ሙዚቃውን ወዲያው። ጠዋት ስወጣ ዝም ሲለኝ ነው ያወቅኩት። የይለፍ ቃል መያዣውንም እንዲሁ። ሌሎቹን ግን ኢሜይሉ ባይመጣ ኖሮ መቆማቸውንም አላውቅም ነበር። ፊልሙ፣ የቋንቋ መማሪያው፣ አንዴ ለአንድ ሥራ ብዬ የከፈትኩት ፒዲኤፍ ማስተካከያ፣ የሜዲቴሽን አፑ። የሜዲቴሽኑ መቆም ምንም አለማስጨነቁን እንደ ውጤት ልቁጠረው መሰለኝ።

ከዚህ በፊት ቁጠባ ሲባል ሁሉንም ዘርዝሮ፣ ደምሮ፣ ደንግጦ፣ ከዚያ የትኛውን ልተው እያሉ መጨነቅ ይመስለኝ ነበር። ያ ደግሞ አይሠራም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ "ይቺማ ምን አላት" የሚባል ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁሌም ለበጎ ነው የምንጠቅሰው። አንበሳው ራስህ ስትሆን ግን ትርጉሙ ይቀየራል። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። "የትኛውን ልሰርዝ?" ሳይሆን "ሁሉም ዛሬ ቢሞቱ የትኛውን ነው ነገ ጠዋት ሮጬ የምከፍተው?" ለመሰረዝ ምክንያት መፈለግ አድካሚ ነው። መልሶ ለመክፈት ምክንያት መፈለግ ደግሞ ቀላል ነው፤ ከሌለ የለም።

አሁን የፊልም አገልግሎቶችን የምይዘው በፈረቃ ነው። አንዱን እከፍታለሁ፣ በዚያው ሰዓት የሚቀጥለውን ወር ክፍያ እሰርዛለሁ። አብዛኞቹ የከፈልክበት ወር እስኪያልቅ ያሳዩሃል። ሲያልቅ ሌላ ማየት ካማረኝ ሌላውን፣ ካላማረኝ ምንም። የሚገርመው፣ ባዶ የሚሆኑት ወራት እኔ ከገመትኩት በላይ ናቸው። ነፃ ሙከራም ላይ ያው ነው፤ በገባሁበት ደቂቃ እሰርዛለሁ። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የአፕል አገልግሎቶች፣ ሙከራውን በሰረዝክ ቅጽበት ይዘጉብሃል። እንደዚያ ከሆነ ቀኑን ካላንደር ላይ መያዝ ነው፣ ያውም ከመታደሱ አንድ ቀን ቀደም አድርጎ፤ አፕል ራሱ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው ሰርዙ ይላል። ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት፦ አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያጠፋም። አይፎን ላይ ሴቲንግስ ከፍታችሁ ስማችሁን ስትነኩ "ሰብስክሪፕሽንስ" የሚል አለ፤ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፎቶአችሁን ስትነኩ ክፍያዎች የሚለው ስር ታገኙታላችሁ። በድርጅቱ ድረ ገጽ በኩል በቀጥታ የገባችሁበት ግን እዚያ አይታይም። እሱን የሚያሳየው የባንክ መግለጫው ብቻ ነው።

የዓመት ክፍያ ይሻላል ወይ የሚል ክርክር አለ። ቅናሹ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ወር ያህል ይቀንሳል። ግን የዓመት ክፍያ በ12 ወር አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቅህ፤ አንዳንዴ እሱንም ሳይጠይቅህ ያድሳል። እኔ የዓመት የምገባው ለረጅም ጊዜ በየወሩ እየከፈልኩ በእውነት ለተጠቀምኩበት ነገር ብቻ ነው። "ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል" የሚለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ወርሃዊ ይመስላል፣ ግን የዓመት ውል ነው፤ ቀድሞ ለመውጣት መቀጫ አለው። የንግድ ኮሚሽኑ በሰኔ 2024 የፎቶሾፕን ባለቤት አዶቢን የከሰሰው ይሄንን መቀጫ ደብቋል ብሎ ነበር።

በዚህ መሃል ታናሽ እህቴ ደወለች። ስለ ካርዱ እያወራኋት ሙዚቃዬን ወዲያው መልሼ መክፈቴን ስነግራት ሳቀች።

"አንተ ደግሞ! እኔ እኮ የቤተሰቡን ነው የምከፍለው። ለስድስት ሰው ነው፣ ሁለት ቦታ ባዶ ነው።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለምን አልጠየቅከኝም?"

መልስ የለኝም። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ሁለት ቦታ እንከፍል ነበር። ስለ ገንዘብ የማይነጋገር ቤተሰብ ለድርጅቶቹ ትልቅ ሀብት ነው።

ስልኩን ማን ቀይር አለኝ?

ዕቃ መግዛት ከዚህ የተለየ ይመስላል። ስልክ ዝም ብሎ አይገዛም፣ ሄደህ፣ አይተህ፣ ከፍለህ ነው። ግን አስቡት፣ ለመቀየር የወሰነው ማን ነው? አፕል በየመስከረሙ አዲስ ያወጣል፣ ሳምሰንግ በዓመቱ መጀመሪያ። ምንም ያልሆነው አሮጌ ስልክ በዚያ ሳምንት በድንገት የደከመ ይመስላል። እዚህም የሚያስወጣኝ የሌላ ሰው ካላንደር ነው።

ስለዚህ ስልኬን "ምን አቃተህ?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ባትሪ ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ ደግሞ ያልቃል፣ ይሄ ጉድለት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። አፕል አይፎን 14ና ከዚያ በፊት ያሉት 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረጉ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ፣ ከ15 ወዲህ ያሉት ደግሞ እስከ 1000 ጊዜ እንዲይዙ አድርጌ ሠርቻለሁ ይላል። "ሙሉ" ማለት በድምር 100 በመቶ ነው፤ ዛሬ 50፣ ነገ 50 ብትሞላ አንድ ይቆጠራል። ባትሪ ማስቀየር ከአዲስ ስልክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ብዙ ሰው ግን ባትሪ አያስቀይርም። ስልክ ነው የሚቀይረው።

ለዚህ ትልቁ ምስክር ራሱ አፕል ነው። በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በድንገት እንዳይጠፉ ብሎ ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ። ሕዝቡ ተቆጣ። ይቅርታ ጠይቆ በ2018 የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ በጣም አወረደ። ከዚያ በጥር 2019 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች በጻፈው ደብዳቤ የአይፎን ሽያጭ ከተጠበቀው በታች የሆነበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ደንበኞች በቅናሽ ባትሪ ማስቀየራቸው እንደሆነ ጻፈ። ሰው ባትሪውን ሲያስቀይር አዲስ ስልክ አያስፈልገውም ማለት ነው። ይሄንን የነገረን ሻጩ ነው፣ ያውም በፊርማው።

ከባትሪ ቀጥሎ ስልክን የሚገድለው አፕዴት ነው። የደህንነት አፕዴት ያቆመ ስልክ ላይ የባንክ አፕ መክፈት እኔ አልደፍርም። ዋጋ ሳይ አሁን የማየው ይሄንን ነው፤ ዋጋውን ለቀሩት የአፕዴት ዓመታት አካፍላለሁ። ጉግል በ2023 ፒክስል 8ን ሲያወጣ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገባ፣ ሳምሰንግ በጥር 2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጋር ተከተለው። ግን ቆጠራው የሚጀምረው አንተ በገዛህበት ቀን አይደለም። ሞዴሉ ከወጣ ጀምሮ ነው። የ7 ዓመት ቃል ያለው የሁለት ዓመት ስልክ 5 ዓመት ይቀረዋል። የ3 ዓመት ቃል የነበረው የሁለት ዓመት ስልክ ደግሞ አንድ። ሁለቱ ያገለገለ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለተኛው ሲረክስ ሰው ይሮጥለታል፣ በዓመት ሲካፈል ግን ውዱ እሱ ነው። ጉዳዩ ሕግም እየሆነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ ስልኮች ሽያጫቸው ካቆመ በኋላ ቢያንስ 5 ዓመት አፕዴት ማግኘት፣ ባትሪያቸውም ቢያንስ 800 ጊዜ ተሞልቶ 80 በመቶ መያዝ አለበት።

ላፕቶፕ ላይ አጭር ነው የምለው። ዊንዶውስ 10 በጥቅምት 14፣ 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፣ ብዙ ደህና ላፕቶፖችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭኑበት፣ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ለሆነ ሥራ ዓመታት ይቀረዋል።

ጆሮ ማዳመጫ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም "ፕሪሚየም" የሚለው ነገር የሚለየው እዚህ ነው። ዜንሃይዘር ኤችዲ 600 የሚባል ሄድፎን አለ። የወጣው በ1997 ነው፣ ዛሬም ይሸጣል። ገመዱ ይነቀላል፣ የጆሮ ትራሱ ይቀየራል፣ መለዋወጫው አለ። ሽቦ አልባዎቹ ትንንሽ ኢርፎኖች ደግሞ በሙጫ የታሸጉ ናቸው። አይፊክስኢት የተባለው ዕቃ እየፈታ የሚመዝን ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ኤርፖዶች ለመጠገን ከ10 ዜሮ ነው የሰጣቸው። ባትሪው ሲደክም ዕቃው አለቀ ማለት ነው። ሁለቱም ውድ ሊባሉ ይችላሉ። አንደኛውን ግን የምትገዛው ነው፣ ሌላውን ለጥቂት ዓመት የምትከራየው። ሽቦ አልባውን አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ እኔም አለኝ፣ ስሮጥ ገመድ አልጎትትም። ኪራይ መሆኑን አውቄ ነው የያዝኩት።

የቆጡን ለማውረድ

ቅናሽ አልወድም አይደለም። ግን ቅናሽ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብኝ ያውቃል፣ ዋጋ የሚከታተል አፕ፣ ኩፖን፣ ነጥብ፣ የቅናሽ ቀን። የማያስፈልገኝን ዕቃ በግማሽ ዋጋ ስገዛ ግማሹን ያተረፍኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን የምጠብቀው አንድ ቀላል ነገር ነው። አዲሱ ሞዴል ሲወጣ የአምናውን አያለሁ። በካሜራና በፕሮሰሰር ያላቸው ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጥክ አይታወቅም፣ የዋጋው ልዩነት ግን ይታወቃል። አምራቹ ራሱ አድሶ የሚሸጠውም ጥሩ ነው። አፕል የሚያድሳቸው አይፎኖች አዲስ ባትሪና አዲስ ሽፋን ተደርጎላቸው የአንድ ዓመት ዋስትና አላቸው።

ከሰው እጅ ያገለገለ ስገዛ ግን ሻጩ ፊት ቆሜ የማያቸው ነገሮች አሉ። *#06# ስትደውሉ የሚመጣው የስልኩ መለያ ቁጥር ሴቲንግስ ውስጥ ካለው ጋር አንድ መሆኑን። የባትሪውን ጤንነት። ከሁሉም በላይ ደግሞ የድሮው ባለቤት ከአካውንቱ መውጣቱን። አፕል ከ2013 ጀምሮ የባለቤቱ አካውንት ያልወጣበትን አይፎን እንዳይከፈት አድርጎ ይቆልፋል፣ አንድሮይድም ተመሳሳይ መቆለፊያ አለው። "ቤት ስደርስ አወጣዋለሁ" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቤት ሲደርስ ተገናኙ።

በጣም የረከሰ ሰብስክሪፕሽን የሚሸጡም አሉ፤ የዓመቱን በአንድ ወር ዋጋ፣ አካውንትና ይለፍ ቃል በቴክስት የሚልኩ። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ ነበር። ለጥቂት ሳምንት ሠራለት፣ ከዚያ ይለፍ ቃሉ ተቀየረ፣ ሻጩም ብሎክ አደረገው። እንደዚህ ያሉት ብዙ ጊዜ ከሌላ ሰው የተሰረቁ አካውንቶች ወይም በተሰረቀ ካርድ የተከፈቱ ናቸው። ጓደኛዬ ደግሞ እዚያ አካውንት ውስጥ የራሱን ኢሜይል አስገብቶ ነበር፣ ያውም ሌላ ቦታ በሚጠቀምበት ይለፍ ቃል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ኢሜይሉን ለማዳን የፈጀበት ጊዜ ከቆጠበው ገንዘብ በላይ ነው።

ፎቶዎቹ

ሁሉንም በዚህ መንፈስ ስጠይቅ አንድ ሰብስክሪፕሽን ላይ ቆምኩ፤ የፎቶ ማስቀመጫው። "ዛሬ ቢሞት ነገ ትከፍተዋለህ ወይ?" የሚለው ጥያቄ እዚህ አይሠራም። ዛሬ ቢሞት የምከፍተው ወድጄ አይደለማ፣ ፎቶዎቼ እዚያ ስላሉ ነው። ከሁሉም ሰብስክሪፕሽን ብልሁ ይሄ ነው። በቆየህ ቁጥር መውጣቱ ይከብዳል፣ በየቀኑ የምታነሳው ፎቶ ራሱ ሰንሰለቱን ያረዝመዋል።

አመጣጡም ቀስ በቀስ ነው። ጉግል ፎቶን ያለ ገደብ በነፃ ያስቀምጥ ነበር። ከሰኔ 2021 ጀምሮ አዲስ የሚገባው ሁሉ ከነፃው 15 ጊጋባይት ላይ መቆጠር ጀመረ፣ ያውም ከኢሜይልህ ጋር በጋራ። አፕል የሚሰጠው ነፃ ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ነው። ያንን ከስልኮቹ ስቶሬጅ ጋር አስተያዩት። ስልክ ስገዛ አነስ ያለውን ስቶሬጅ መርጬ ያተረፍኩት ገንዘብ በየወሩ ተቆራርሶ ወደ ክላውድ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫው ሲሄድ ቆይቷል። የዕቃ ዋጋና የሰብስክሪፕሽን ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጌ ማየቴን ያስተወኝ ይሄ ነው።

ክላውድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ስልኩ ቢሰረቅ ፎቶው አለ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። የማልፈልገው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑን ነው። ጉግል "ቴክአውት" በሚባለው በኩል ሁሉንም አውርደህ እንድትወስድ ይፈቅዳል፣ ግን ፋይሎቹ በትልልቅ ዚፕ ተከፋፍለው ይመጣሉ፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለብቻው በሌላ ትንሽ ፋይል ተጽፎ ነው የሚመጣው። ያንን ሳታውቅ ብትገለብጣቸው ከአሥር ዓመት ፎቶ ብዙው በወረደበት ቀን የተነሳ መስሎ ሊደረደር ይችላል። ሁለቱን መልሰው የሚያጣምሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ከባድ አይደለም። ክፍያ ያቆመ ሰው ፎቶው በማግስቱ አይጠፋም፤ ጉግል ከነፃው ገደብ በላይ ሆኖ 2 ዓመት የቆየን አካውንት ይዘት ሊያጠፋ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ግን አዲስ ነገር አይገባም፣ ኢሜይልም ጭምር ይቆማል። ኢሜይል ከቆመ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይቆማል።

ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ሁለት፣ ምክንያቱም አንድ ዲስክ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም። አንዱ እኔ ጋ ነው፣ ሌላው ቢሮ ይቀመጣል። ማውረዱ ተጠናቋል፣ ቀኖቹንም እያስተካከልኩ ነው። የክላውዱን ትልቁን ጥቅል ግን ገና አልቀነስኩትም። መጀመሪያ ከሁለተኛው ዲስክ ላይ እዚህም እዚያም የተወሰኑ ፎቶዎችን ከፍቼ እንደሚሠሩ ማየት አለብኝ፣ በተለይ ቪዲዮዎቹን። የሚታደሰው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ካላንደሩ ላይ ከሦስት ቀን ቀድሞ እንዲያስታውሰኝ አድርጌዋለሁ።